ከውሃ በር በታች

ቢሆነኝን መጀመሪያ ያየችው በደረቱ ተኝቶ ነው።

አምለሰት ቅዳሜ ከሰዓት ከቡሬ የተሳፈረችበት ባጃጅ መንገዱ የሚያልቅበት ቦታ ላይ አውርዷት፣ ዳገቱን በእግሯ ወጥታ ካብ ጊዮርጊስ ምዕራብ በር ስትደርስ፣ አንድ ወጣት ከካቡ ሥር ተደፍቶ አገኘች። ፊቱ ወደ ድንጋዩ ነው። አንድ እጁ ከሆዱ ሥር ገብቷል። ቡሬ መድኃኒት ቤት የምትሠራ ስለሆነች የወደቀ ሰው አልፋ መሄድ አይሆንላትም።

«ወንድሜ፣ አሞሃል?» አለችው ጎንበስ ብላ።

«ኧረ ደህና ነኝ» አለ ቀና ሳይል። «አንድ ጊዜ ዝም በይልኝ። ጉንዳኑ የት እንደሚገባ እያየሁ ነው።»

«ጉንዳኑ?»

«ጉንዳን ተሰልፎ የሚገባበት ካብ ውስጡ ባዶ ነው። ውስጡ ባዶ የሆነ ካብ ደግሞ ክረምቱን አያልፍም።»

ይህን ብሎ ቀና አለ። አፍንጫው ላይ አፈር ተለጥፏል። አምለሰት ሳቋን ለመደበቅ የነጠላዋን ጫፍ ወደ አፏ አስጠጋች። እሱ ግን አልሳቀም፤ ሰላምታ መስጠት እንዳለበት የረሳ ሰው ሆኖ ያያት ጀመር። እሷም ቶሎ ማለፍ ስትችል አላለፈችም።

ካብ ጊዮርጊስ ከቡሬ ብዙም ያልራቀች፣ በኮረብታ አናት ላይ የተቀመጠች ትንሽ ከተማ ናት። ዙሪያዋን በድንጋይ ካብ ታጥራለች። ካቡ ሁለት በቅሎ ጎን ለጎን የሚያስኬድ ስፋት አለው፤ ከተሠራ ስንት መቶ ዓመት እንደሆነው የሚስማሙ ሽማግሌዎች የሉም። ሁለት በር አላት። በምዕራቡ በር ሙሽራ ይገባል፣ እንግዳ ይገባል፣ ታቦት ይወጣል። በምሥራቅ በኩል ያለው ውሃ በር ይባላል፤ ወደ ወንዙ የሚያወርድ ነው። ከእሱ በታች፣ ከካቡ ውጭ፣ ታችበር የምትባል የቀጥቃጮች መንደር አለች። የካብ ጊዮርጊስ ሰው ማረሻውንና ማጭዱን ከታችበር ይገዛል። ከታችበር ሰው ጋር ግን አይበላም፤ አይጋባም፤ ስለ ዓይናቸውም በሹክሹክታ የሚያወራው ወሬ አለው። አምለሰት ይህን ሁሉ ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች፤ አንድ ቀን እንኳ ቆም ብላ አስባው ግን አታውቅም።

ወጣቱ ካቡን እንዲያስጠግን ፍኖተ ሰላም ካለው መሥሪያ ቤቱ የተላከ የቅርስ ባለሙያ ነበር። የጥገናው ኮሚቴ ሰብሳቢ ደግሞ የአምለሰት አባት አቶ ደሴ ነበሩ። ስለዚህ አምለሰት ቅዳሜና እሑድ ወደ ቤቷ ስትመጣ ቢሆነኝን ሳታገኘው የምትቀርበት ምክንያት አልነበረም፤ ምክንያት ቢኖርም አትፈልገውም ነበር።

አብረው በካቡ ላይ ይሄዳሉ። አባቷ ለእንግዳ የሚያወሩትን እሷ ታወራለታለች፤ ከሩቅ አገር የመጡ ግንበኞች በአንድ በጋ ካቡን ሠርተው እንደጨረሱት፣ መስፍኑ በወርቅ እንደሸለማቸው።

«የበሩን ማጠፊያ ብረትስ ማን ሠራው?» ብሎ ጠየቃት አንድ ቀን።

«እነሱው ይሆናሉ፤ ግንበኞቹ።»

«ግንበኛ ብረት አይቀጠቅጥም» አለና ወሬውን ወደ ሌላ ወሰደው።

ስለ ራሱ ስትጠይቀው «የፍኖተ ሰላም ልጅ ነኝ» ይላታል። አመሻሹ ላይ በውሃ በር ወርዶ ቆይቶ ይመለሳል። ምን ፍለጋ እንደሚወርድ ብትጠይቀው «ኔትወርክ እዚያ ይሻላል» አላት። አመነችው። የወደደችው ሰው የሚናገረውን ለመመርመር ልብ አልነበራትም።

የጾሙ ወራት ሊያልቅ ሲል፣ ከካቡ ላይ ተቀምጠው የቡሬን የቆርቆሮ ጣሪያዎች በሩቅ ሲያዩ፣ ቢሆነኝ እንዲህ አላት፤

«ሥራዬ ክፍተት መፈለግ ነው። በካቡ ሁሉ አገኛለሁ። አንቺ ጋ ስደርስ ግን የምገባበት ቦታ አጣሁ።»

አምለሰት ጣቶቿን አየች። ቆይታ «በር እያለ ካብ ለምን ትዞራለህ?» አለችው።

 ቢሆነኝ እጁን እጇ ላይ አደረገ፤ እሷም አላነሳችውም።

የሚያዝያ ጊዮርጊስ ዕለት ታቦቱ ከገባ በኋላ፣ እናቷ ወይዘሮ እናኑ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ቢሆነኝን አግኝተው «ልጄ፣ ዛሬ እንኳ ከእኛ ቤት ነው የምትውለው» አሉት፤ ሰው ሁሉ እየሰማ። ሽማግሌ ሊላክ እንደሚችል ጠርጥረዋል። ጠልተውትም አይደለም። አምለሰት ከኋላቸው ቆማ መሬት መሬት ታያለች፤ ደስታዋ ፊቷ ላይ እንዳይነበብ።

ያኔ ከዋርካው ሥር ለብቻቸው ከቆሙት ሴቶች አንዷ ቀስ ብለው መጡ። ቀሚሳቸው ነጭ፣ የታጠበ ነው። ጥላሸት የጣታቸው መስመር ውስጥ ገብቶ ቀርቷል።

«ቢሆነኝ ልጄ፣ እንኳን አደረሰህ» አሉት።

ቢሆነኝ አልመለሰም። ዝምታው አጭር ነበር፤ አምለሰት ግን አየችው። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ጉንጫቸውን ሳመና ወደ እናኑ ዞሮ «እናቴ ናቸው፤ ወይኒቱ ይባላሉ» አለ።

ወይኒቱን ለካብ ጊዮርጊስ ሰው ማስተዋወቅ አያስፈልግም። የቀጥቃጩ የይታገሱ ልጅ ናቸው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ቡሬ ገበያ ማጭድ ይሸጣሉ። እናኑ ፈገግታቸው ከከንፈራቸው ሳይወርድ ከዓይናቸው ጠፋ። ግብዣው ግን በሰው ፊት ተነግሯል፤ መመለስ አይቻልም።

«አንተ ዋል፤ እኔ ልሂድ» አሉ ወይኒቱ።

ቢሆነኝ አምለሰትን አያት። «ግዴለም እማ፣ ነይ። የራሴ ሰዎች ናቸው» አለ።

ቤቱ በእንግዳ ሞልቶ ነበር። አቶ ደሴ በር ላይ የቆሙትን እናትና ልጅ አይተው፣ ምንም ሳይናገሩ ፊታቸውን ወደ ሌሎቹ እንግዶች መለሱ። እናኑ አምለሰትን ወደ ጓዳ ሳቧት።

«እሷን ከደጅ፣ ከመደቡ ላይ አስቀምጫት። በብርጭቆ እንዳትሰጪ። ያቺ ዶሮዎቹ ውሃ የሚጠጡባት ጣሳ አለች አይደል፣ አጥበሽ በእሷ ስጫት።»

«እማዬ…»

«ሰው ሁሉ እያየ አባትሽን ልታዋርጂ ነው?»

አምለሰት ጣሳዋን አጠበች። ደጋግማ፣ በአመድም በሳሙናም አጠበቻት፤ ብዙ ከታጠበች ሌላ ዕቃ የምትሆን ይመስል። ጠላ ሞላችባት። ይዛ ወጣች።

ወይኒቱ ከመደቡ ጫፍ ተቀምጠዋል። ቢሆነኝ ግባ ቢባልም አልገባም፤ አጠገባቸው ቆሟል። ግቢው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ብርጭቆ ይዟል። ቢሆነኝ መጀመሪያ ጣሳዋን አየ፤ ከዚያ አምለሰትን። እሷ የጠላውን አረፋ ነበር የምታየው። ወይኒቱ ግማሽ ያህል ተነሥተው በሁለት እጃቸው ተቀበሏት።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ የእኔ ልጅ። እደጊ» ብለው እስከ ታች ጠጧት።

ወዲያው ተነሡ። አመስግነው፣ መርቀው፣ እናትና ልጅ በውሃ በር በኩል ወጡ። እናኑ ባዶዋን ጣሳ በዓይናቸው አሳዩአትና «ወዲያ ወርውሪልኝ» አሏት። ግቢያቸው ከካቡ ጋር የተያያዘ ነው። አምለሰት ምን እንደምታደርግ ሳታስብ ጣሳዋን ከካቡ ባሻገር ወረወረቻት።

ወደ ታችበር የሚወስደው መንገድ ልክ በዚያ ሥር እንደሚያልፍ ያስታወሰችው ከእጇ ከወጣች በኋላ ነው። ጣሳዋ ከድንጋይ ድንጋይ እየተጋጨች ስትወርድ ድምፅዋ አላልቅ አለ። አምለሰት ካቡ ላይ ወጥታ አየች። ሁለቱ ቆመዋል። ጣሳዋ ተንከባልላ እግራቸው ሥር ደርሳለች። ወይኒቱ ጎንበስ ብለው አነሷትና፣ መንገደኛ እንዳታደናቅፍ፣ ከመንገዱ ዳር አስቀመጧት። ቢሆነኝ ቀና ብሎ አላየም።

በማግሥቱ አምለሰት ቢሆነኝ ወደሚሠራበት ቦታ ሄደች። ምን እንደምትለው አላዘጋጀችም። ቢሆነኝ ሲያያት ከድንጋዩ ላይ ተነሣ፤ እጁን አራግፎ ባርኔጣውን አወለቀ።

«እንደምን አደሩ?» አላት።

ከኋላዋ ማን እንደመጣ ለማየት ዞረች። ማንም የለም። የሚላት እሷን ነው።

«ለምን እንዲህ ትለኛለህ?»

«ከቤትዎ ጠርተውኛል። ማክበር ይገባኛል።»

ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። ቢጮህባት ታለቅስ ነበር፤ ቢሰድባትም ይቀላት ነበር። ቆማ ቆማ ተመለሰች።

በሳምንቱ አቶ ደሴ ለቢሆነኝ «ክረምቱም እየቀረበ ነው፤ የተሠራው ይበቃናል» አሉት። ሌላ ምንም አላሉም፤ እሱም ሌላ ምንም አልጠየቀም። የጀመረውን የውሃ በር ጎን ጨርሶ ክፍተቱን ዘጋ፤ ዕቃውን ጭኖ ወደ ፍኖተ ሰላም ሄደ። አምለሰት ደወለች። ስልኩ ይጠራል፤ አይነሣም።

ቡሬ ሥራዋ ላይ ሆና ሰው ስታስተናግድ ደህና ትመስላለች። ክኒን የሚውጥ ሰው ውሃ ሲጠይቃት ግን እጇ ይከብዳታል። ብርጭቆውን አጥባ፣ ወደ ብርሃን አንሥታ አይታ፣ እንደገና ታጥበዋለች። አብራት የምትሠራው ልጅ «ምን ሆነሻል?» ስትላት «ቆሻሻ መስሎኝ» ትላለች።

አንድ ቀን ከሰዓት ወይኒቱ የመድኃኒት ማዘዣ ይዘው ገቡ። አምለሰትን ሲያዩ አልደነገጡም።

«የዓይን ጠብታ ነው ያዘዙልኝ» አሉ ወረቀቱን እያቀበሉ። «ፍም ሲያይ የኖረ ዓይን ነው።»

አምለሰት ጠብታውን አወጣች። ጠዋትና ማታ እንደሚደረግ ነገረቻቸው። 

«እማማ ወይኒቱ፣ እኔ ነኝ በጣሳ የሰጠሁዎት። እኔ ነኝ የወረወርኩት።»

«አውቃለሁ፣ ልጄ። እሱም ያውቃል።»

«ለምን ጠጡት?»

ወይኒቱ ጠብታውን በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩት። «ባልጠጣ እሱ ይጣላ ነበር። ከተጣላ ደግሞ አንቺን ያጣል ብዬ ፈራሁ። ጠጥቼም አልሆነም።» ቋጠሮውን አጠበቁት። «እኔ ለምጄዋለሁ። ያልለመደው እሱ ነው። ገና ልጅ ሳለ ፍኖተ ሰላም አክስቱ ዘንድ የሰደድኩት እንዳይለምደው ብዬ ነበር።»

አምለሰት መደርደሪያውን ይዛ ቆመች። ከዚያ ዕለት ጀምሮ የተሸከመችው ሐፍረት አሁን ስም ያገኘ መሰላት።

«ይቅርታ ልጠይቅዎ ቤትዎ ልምጣ?»

ወይኒቱ በሚያለቅሰው ዓይናቸው ረጅም ጊዜ አዩአት። «ይቅርታውን እዚሁ ተቀብያለሁ። ቤቴ ከመጣሽ ግን በፀሐይ ነይ፤ ሰው እያየሽ። ተሸሽገው የሚመጡብን ብዙ ናቸው፣ ማረሻ ሲሰበርባቸው።»

እሑድ ቅዳሴው አልቆ ሰው ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ፣ አምለሰት ነጭ ለብሳ በከተማዋ መካከል ወደ ውሃ በር ሄደች። ሰው መንገድ እየለቀቀ ያያታል።

«አምለሰት፣ ወዴት ነው?» አለቻት አንዲት ጎረቤት።

«ታችበር። ወይኒቱ ቤት።»

ሴትዮዋ አማተበች። አምለሰት ፊቷ ጋለ። ማፈር አቁማ ልትሄድ ነበር ሐሳቧ፤ ግን እያንዳንዱ ዓይን ያሳፍራት ነበር። ማፈር የማይገባትን እያወቀች ማፈሯ ደግሞ ከሁሉ ይልቅ አሳፈራት። እንዲያም ሆኖ ሄደች።

ወይኒቱ ሽሮ ሠርተው ጠበቋት። በአንድ ገበታ ቀረቡ። አምለሰት የመጀመሪያውን ጉርሻ እስክትወስድ ወይኒቱ ሌላ ወገን እያዩ ስለ በጎቻቸው፣ ስለ ዶሮዎቻቸው ያወሩ ነበር፤ ጊዜ ሊሰጧት።

ዕቃውን እያጠበች ሳለ በሩ ጨለም አለ። ቢሆነኝ ነው። እናቱ ደውለው ጠርተውት ኖሯል። ከፍኖተ ሰላም መንገድ አቧራ ለብሶ ደጁ ላይ ቆመ።

«አንቺ ነሽ?» አለ።

 አምለሰት እርጥብ እጇን በነጠላዋ ጠራረገች።

ከቤቱ ጀርባ፣ አጎቱ ብረት ከሚቀጠቅጥበት ጎጆ አጠገብ ተቀመጡ። ቢሆነኝ ከግድግዳው ላይ አንድ የብረት ማጠፊያ አውርዶ አሳያት። ጫፉ እንደ ፍየል ቀንድ ይጠመዘዛል። የውሃ በርም የምዕራቡም በር ማጠፊያ እንዲሁ ነው።

«የእኛ ቤት አሠራር ነው» አላት። «አያቴ ይነግረኝ ነበር። የካቡን ድንጋይ የፈለጡበትን መሣሪያ፣ በሩንም፣ የሠሩት የታችበር ሰዎች ናቸው። ጦር ሲመጣ ግን በሩ ይዘጋል፤ እነሱ ውጭ ይቀራሉ። የሠሩት በር በራሳቸው ላይ ነበር የሚዘጋው።»

«ይህን ለምን አልነገርከኝም?»

«አፍሬ ነዋ።» ማጠፊያውን በእጁ አገላበጠ። «ፍኖተ ሰላም አልኩሽ። ኔትወርክ ፍለጋ ነው የምወርደው አልኩሽ። እናቴን ኔትወርክ አልኳት። ያን ዕለት እንኳን አደረሰህ ስትለኝ ደግሞ ደንግጬ ዝም አልኩ። አይተሽኝ ነበር አይደል?»

«አይቼሃለሁ።»

«ስለዚህ አንቺን ብቻ መቆጣት አልቻልኩም። ለዚህ ነው ስልኩን ያላነሣሁት። ባነሣው የራሴንም መናገር ነበረብኝ።»

አምለሰት ወደ እሱ ጠጋ አለች። ትከሻዋ ትከሻው ላይ አረፈ። ከጎጆው ውስጥ ወናፉ አንዴ ተነፈሰና ቆመ።

ቤቷ ስትመለስ አባቷ ደጅ ተቀምጠው ይጠብቋት ነበር።

«እህል ቀምሰሻል?» አሏት።

«ቀምሻለሁ፣ አባዬ።»

አቶ ደሴ በትራቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። «እንግዲያ የዚህን ቤት ዕቃ አትንኪ» አሉ፤ ድምፃቸውን ሳያነሡ። እናኑ በር ላይ ቆመው ነበር። 

አምለሰት ልብሷን ይዛ የዚያኑ ዕለት ወደ ቡሬ ወረደች። ባጃጁ ውስጥ ሆና፣ በመደቡ ጫፍ ላይ የተቀመጡትን ወይኒቱን ነበር የምታስበው። አንድ ቃል ነበር የሰማችው፤ ከአባቷ አፍ፣ አንድ ጊዜ። ወይኒቱ ግን ዕድሜ ልካቸውን ሰምተውታል።

ቢሆነኝ ሽማግሌ ላከ። አቶ ደሴ በአክብሮት አስቀምጠው፣ በአክብሮት መለሷቸው። እንደገና ላከ፤ እንደገና ተመለሱ። በመጨረሻ ቡሬ ውስጥ በጥቂት ሰው ፊት ተጋቡ። ከሙሽራዋ ወገን የመጣ አልነበረም። ሰርገኞቹ ሲዘፍኑ አምለሰት ዓይኗ በተደጋጋሚ ወደ በሩ ይሄድ ነበር። ቢሆነኝ ያያል፤ እጇን ይይዛታል። ቡሬ አንድ ክፍል ቤት ተከራዩ። እሱ ሰኞ ወደ ፍኖተ ሰላም ይሄዳል፤ ዓርብ ይመለሳል።

ተጋብተው ዓመት ካለፋቸው በኋላ፣ መስከረም ሲያልፍ አምለሰት ሴት ልጅ ወለደች። ወይኒቱ የታችበር ቤታቸውን ዘግተው መጥተው ያርሷት ጀመር። የመጀመሪያው ሳምንት ሳያልቅ አንድ ጠዋት በሩ ተንኳኳ። እናኑ ነበሩ። በአንድ እጃቸው የቅቤ ቅል፣ በሌላው የገብስ ዱቄት ይዘዋል። ጫማቸው ጭቃ ነው። ብቻቸውን ነበር የመጡት።

«አባትሽ አልላከኝም» አሉ ከደጁ ሳያልፉ። «አልከለከለኝምም።»

ገብተው ከአልጋው ጫፍ ተቀመጡ። ሕፃኗን ታቅፈው ፊቷን፣ ጣቶቿን፣ ጆሮዋን አዩ። ወይኒቱ ምድጃው ጋ ገንፎ ያገላብጡ ነበር፤ ሰላምታ ተለዋውጠዋል፤ ከዚያ በኋላ የማገላበጫው ድምፅ ብቻ ነበር የሚሰማው።

ገንፎው ሲደርስ ወይኒቱ ለአራሷ አቀረቡ። ለራሳቸውም ትንሽ አወጡ። ለእናኑ ግን አላወጡም። ከአምለሰት በቀር ለካብ ጊዮርጊስ ሰው እህል አቅርበው አያውቁም፤ ቆመው ቀሩ።

«ለእኔ አልተረፈም፣ እትዬ ወይኒቱ?» አሉ እናኑ።

«ተርፏል። በምን ላቅርብልዎ?»

ወይኒቱ ይህን ያሉት ለማሳፈር አልነበረም። ከልባቸው ነው የጠየቁት። እናኑ ግን አንገታቸውን ደፉ፤ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ፤ ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አምለሰት አየች። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ያን ሐፍረት በራሷ ላይ ታውቀዋለች፤ እናቷ ሲያፍሩ የሚያያቸው ሰው እንዲኖር አልፈለገችም።

«ከእርስዎው ጋር» አሉ እናኑ በመጨረሻ። «በአንድ ገበታ።»

ሁለቱ ሴቶች ምድጃው አጠገብ ተቀመጡ። እናኑ ሕፃኗን በግራ ክንዳቸው እንደያዙ በቀኝ እጃቸው ከገንፎው ቆረሱ። ቅቤው በአንጓቸው ላይ ወረደ። 

«ስሟን ማን አላችኋት?» ብለው ጠየቁ ሲጨርሱ።

«ገና ነው» አለች አምለሰት። «የቤት ስም አላወጣንላትም። እናንተን ስንጠብቅ ነው።»

እናኑ ወደ ወይኒቱ ዞሩ። «እንግዲያ እርስዎ ያውጡላት።»

ወይኒቱ እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉ። ሲያስቡ ቆዩ። ቢሆነኝ ከውጭ መጥቶ በሩ ላይ ደርሶ ነበር፤ አልገባም።

«ዙፋን» አሉ ወይኒቱ። «ዙፋን ደጅ አይቀመጥም።»

እናኑ ስሙን ቀስ ብለው ለራሳቸው አሉት። ከዚያ ሕፃኗን ከክንዳቸው አንሥተው ለወይኒቱ አቀበሏቸው።